ጭሱ ይወጣል፣ ክብሪቱ ግን ሳንባ ውስጥ ይቀራል

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሲጋራ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ታዲያ ይሄ የአጫሽ ሳል ከየት መጣብኝ?»

ይህን ጥያቄ የጠየቁኝ ነገሌ ቦረና የሚኖሩት አክስቴ ናቸው። ስማቸው ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚጠራቸው «እትዬ» እያልኩ ልቀጥል። በዚያን ሰዓት መልስ አልነበረኝም። ዝም ያልኩት ግን መልሱን ባለማወቄ ብቻ አልነበረም። ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ግማሽ ፓኮ ሲጋራ ነበረና አፍሬ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሳል ነው። «ስለ ሳል ደግሞ ምን ይጻፋል? ዝንጅብልና ማር ነዋ!» እንዳትሉኝ። በዝንጅብል የማይመለስ፣ ቀስ ብሎ ገብቶ ቤቱን የሚሠራ ሳል አለ። ሐኪሞች ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳሰላው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 3.5 ሚሊዮን ሰው የሞተው በዚህ በሽታ ነው። የሚገርመው ደግሞ ብዙ ሕመምተኛ በሽታው ስም እንዳለው እንኳ ሳያውቅ ነው የሚኖረው። «ብርድ ነው»፣ «ብሮንካይት ነው»፣ «እርጅና ነው» እያለ ዓመታት ያልፋሉ።

ደግሞ የሽማግሌዎች ጉዳይ ነው ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። በሽታው የሚታየው በ50 እና በ60 ዓመት ይሁን እንጂ የሚጠነሰሰው በእናንተና በእኔ ዕድሜ ነው።

ነገሌ ደርሼ ስመጣ

ነገሌን ለማታውቁ ትንሽ ላውራችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሻሸመኔንና ሀዋሳን ታልፋላችሁ፣ ቦሬ ላይ በብርድና በጭጋግ ትንቀጠቀጣላችሁ፣ ከዚያ ወደ አዶላ ትወርዱና ሹራባችሁን ታወልቃላችሁ። ነገሌ ስትደርሱ ቀይ አፈር፣ ግራርና ግመል ይቀበሏችኋል። የታሪክ ሰዎች ከተማዋን የሚያስታውሷት በ1966 ዓ.ም. ጥር ወር እዚያ የሰፈረው ጦር በምግብና በውሃ ጉዳይ ስላመፀ ነው። የኢትዮጵያ አብዮት ሲተረክ ነገሌ ሳትጠቀስ አትታለፍም።

እትዬን ወደ ነገሌ ያመጣቸው የወታደር ሚስት መሆናቸው ነው። ባለቤታቸው ሲያርፉ ልጆች ማሳደግ ነበረባቸውና መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት ከፈቱ። 30 ዓመት ሙሉ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተው እሳት አንድደዋል። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ ከብት ሊሸጥ ከገጠር የመጣው ሁሉ የእሳቸውን ፍርፍርና የግመል ወተት ሻይ ቀምሷል። ኩሽናቸው በቆርቆሮ የተመታች፣ አንድ በር ብቻ ያላት፣ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ናት። ጣሪያዋ በጥላሸት ጠቁሮ ከሰል መስሏል።

አንድ ቀን ጠዋት ላግዛቸው ብዬ ገባሁ። አምስት ደቂቃ አልቆየሁም። ዓይኔ አነባ፣ ጉሮሮዬ ተናነቀ፣ እየሳልኩ ሮጬ ወጣሁ። እትዬ ከውስጥ ሳቁብኝ። «የአዲስ አበባ ልጅ! ጭስ እንኳ አትችሉም?» ሳቃቸው ሳይጨርስ ግን ሳላቸው ቀደመው። ጎንበስ ብለው፣ ግድግዳውን ይዘው፣ ብዙ ሳሉ።

በቆላው አገር ጭስ ጠላት አይደለም። እንዲያውም ባለውለታ ነው። የቦረና እናቶች የወተቱን ዕቃ በተመረጠ እንጨት ጭስ ያጥኑታል። ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽና ጣዕም እንዲያገኝ ነው። ነገሌ ሄዳችሁ ጭስ ጭስ የሚል ወተት ካልጠጣችሁ አልሄዳችሁም ማለት ነው። ከብት በረት አጠገብ የሚጨሰው ዝንብና ትንኝ ያባርራል። ዕጣኑ ደግሞ እዚያው ከዛፍ የሚለቀም ነው። በገበያ «የቦረና ዕጣን» የሚባለው ጠቆር ያለው ዕጣን ከነገሌ፣ ከፊልቱና ከአካባቢው ቆላ ነው የሚመጣው።

«ታዲያ ይሄ ለእኔ ምኔ ነው?» የሚል የቦሌ ልጅ ይኖራል። ቆይ እስቲ። ትናንት ማታ ቡናው የፈላበት ከሰል ከየት መጣ? ከሰሉ ላይ የተጨሰው ዕጣንስ? ልጃገረዶቻችን ለሰርግና ለውበት ብርድ ልብስ ተከናንበው የሚገቡበት ወይባስ? የቆላው ጭስ እኮ በአይሱዙ ተጭኖ ሳሎናችን ድረስ መጥቷል። እኛ ደግሞ የራሳችንን ጨምረንበታል። በርጫው ላይ ሲጋራ፣ ጨበሲው ላይ ሲጋራ፣ ተደብቆ ሺሻ።

አራተኛ ፎቅ

ባለፈው ዓመት እትዬ ለእህቴ ሰርግ አዲስ አበባ መጡ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንደኛው ፎቅ ላይ ቆሙ። ሁለተኛው ላይ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ሦስተኛው ላይ ከንፈራቸው ጠቆረብኝ። «ምንም አይደለም፣ የደጋው አየር ነው» አሉኝ እጄን ይዘው። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

እውነት ነው፣ ከቆላ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ የወጣ ሰው ትንፋሹ ያጥረዋል። ግን እንዲህ? ለካስ እሳቸው በአገራቸውም ከቤት እስከ ገበያ ሳያርፉ መሄድ ካቆሙ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ለማንም አልተናገሩም። አንድ ጤና ተቋም ሄደው አክታ ሰጡ። ቲቢ የለም ተባሉ። ሌላ ጊዜ የብሮንካይት ነው ተብለው ኪኒን ተሰጣቸው። ኪኒኑን ጨርሰው ሳሉ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ኪኒን። የሰባት ዓመት ታሪክ ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው «እስቲ እዚህ ቱቦ ውስጥ ይንፉ» አላላቸውም።

ሰርጉ ሲያልቅ ወደ አንድ የሳንባ ስፔሻሊስት ወሰድናቸው። አገራችን የሳንባ ሐኪሞችን ራሷ ማሰልጠን የጀመረችው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ2005 ዓ.ም. ነው። ቁጥራቸው ገና ትንሽ ነው፣ ግን አሉ። ምርመራው ስፓይሮሜትሪ ይባላል። መርፌ የለው፣ ደም የለው። ትልቅ ትንፋሽ ትወስዳላችሁ፣ ከዚያ ባለ በሌለ ኃይላችሁ ቱቦው ውስጥ እፍ ትላላችሁ። ጤነኛ ሰው በአብዛኛው ከሚያስወጣው አየር ከመቶ ከ70 በላዩን በመጀመሪያው ሰከንድ ያስወጣዋል። እትዬ ከመቶ 52 ነበሩ። መድኃኒት ስበውም ብዙ አልተለወጠም።

ዶክተሩ ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው «እናቴ፣ ይሄ የኩሽና ጭስ ያመጣው ነው። የጠፋውን መመለስ አንችልም፣ የቀረውን ግን እንጠብቃለን» አሏቸው። እትዬ ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ የጠየቁት ጥያቄ እኔን ይህን ጽሑፍ አጻፈኝ።

«ልጄ፣ አሁን እኮ ከኩሽና ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የምትሠራው ልጄ ናት። ጭሱን ትቼው ሳሉ ለምን አልተወኝም?»

የአውቶቡስ እሽግ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጭስ እኮ ይወጣል። በር ስትከፍቱ ይበተናል። ታዲያ ምን ቀረ?

ነገሌ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ያውቃል። ጠዋት መናኸሪያ ትሄዳላችሁ። የምትልኩትን በካርቶን ታሽጋላችሁ፣ በገመድ ታስራላችሁ፣ ስምና ስልክ ትጽፉበትና ለአውቶቡሱ ረዳት ትሰጣላችሁ። በማግስቱ እዚያ የሚጠብቀው ሰው ይቀበላል። ውስጡ ያለውን ረዳቱ አያውቅም። ሹራብም ይሁን መድኃኒት እሱ የሚያደርሰው እሽጉን ነው።

የሰውነታችን ሴሎችም እርስ በርሳቸው እንዲህ ይላላካሉ። እያንዳንዱ ሴል ከራሱ ቆዳ ቆንጥሮ ጥቃቅን ከረጢቶችን ይሠራና ወደ ውጭ ይለቃቸዋል። ሳይንቲስቶች ቬሲክል ይሏቸዋል። ከእነሱ ውስጥ በጣም የታወቁት ኤክሶሶም የሚባሉት ናቸው። ትንሽነታቸው አይጣል ነው! አሥር ሺህ ያህሉ ጎን ለጎን ቢሰለፉ ርዝመታቸው አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ውስጣቸው ፕሮቲን አለ፣ ቅባት አለ፣ ለሌላው ሴል ትእዛዝ የሚሆን የዘር መልእክትም አለ።

መጀመሪያ የሚያከብራቸው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1967 አንድ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በደም ውስጥ ሲያያቸው «ትቢያ» ነበር ያላቸው። እ.ኤ.አ. በ1983 በካናዳ ሞንትሪያል ሮዝ ጆንስቶን የተባሉ ሴት ሳይንቲስትና ባልደረባቸው የበግ ደም ሲመረምሩ ያልበሰለ ቀይ የደም ሴል የማያስፈልገውን ዕቃ በከረጢት እያደረገ ሲጥል አዩ። ኤክሶሶም የሚለውን ስም በ1987 ያወጡት እሳቸው ናቸው። ያኔም ቢሆን ብዙው ሰው የሴል ቆሻሻ መጣያ ፌስታል ነው ብሎ አለፈው። እ.ኤ.አ. በ2007 በስዊድን ጎተንበርግ ያሉ ተመራማሪዎች ከረጢቶቹ የዘር መልእክት ይዘው ከሴል ወደ ሴል እንደሚሄዱ ሲያሳዩ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ቆሻሻ የተባለው ለካስ ፖስታ ኖሯል!

ፖስታው በራሱ ክፉ አይደለም። በጤነኛ ሳንባ ውስጥ ሴሎች በእነዚህ ከረጢቶች «ተጠግኗል»፣ «ሰላም ነው» ይባባላሉ። ችግሩ የሚመጣው ላኪው ሲቃጠል ነው። ጭስ ሲገባ የሳንባ ቧንቧ ሴሎችና የሰውነት ዘበኛ የሆኑት ነጭ የደም ሴሎች ይቆጣሉ። የተቆጣ ሰው የሚጽፈውን ደብዳቤ ታውቁታላችሁ። የተቆጣ ሴልም የሚልከው እሽግ ሌላውን የሚያስቆጣ ነው። በካርቶኑ ውስጥ ክብሪት አለበት።

መቀስ ይዞ የሚዞር

ከረጢቶቹ ሳንባን እንዴት እንደሚያፈርሱ በግልጽ ያሳየ አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ በአላባማ ዩኒቨርሲቲ በርሚንግሃም የሚሠሩ ተመራማሪዎች ያወጡት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳንባችን ውስጥ ከ300 ሚሊዮን በላይ ደቃቅ የአየር ፊኛዎች አሉ። ኦክስጅን ወደ ደም የሚገባው በእነሱ ነው። ፊኛዎቹን ወጥረው የያዙ እንደ ላስቲክ የሚሳቡ ክሮች አሉ። ነጭ የደም ሴሎች ደግሞ ጀርም ለመግደል ኢላስቴዝ የሚባል እንደ መቀስ የሚቆርጥ ነገር ይይዛሉ። ይህ መቀስ የራሳችንን ክር እንዳይቆርጥ ሰውነታችን ጠባቂ አስቀምጧል። መቀሱን ሲያገኘው ያዝ ያደርግና ያከሽፈዋል።

ተመራማሪዎቹ ያገኙት ጉድ ምንድነው? መቀሱ በኤክሶሶሙ ገላ ላይ ተለጥፎ ሲሄድ ጠባቂው ሊይዘው አይችልም። መንጃ ፈቃድ ሳይጠየቅ ኬላ እንደሚያልፍ መኪና በሉት። ከረጢቱ ክሩ ላይ ይጣበቃል፣ መቀሱም ሥራውን ይሠራል። ይህን ለማረጋገጥ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ሳንባ የተገኙ ከረጢቶችን ለጤነኛ አይጦች ሰጧቸው። አይጦቹ ሲጋራ አላጨሱም፣ ኩሽና አልገቡም። ሆኖም ሳንባቸው እንደ ሕመምተኛ ሳንባ መፍረስ ጀመረ። ከጤነኛ ሰዎች የተወሰዱት ከረጢቶች ግን እንዲህ አላደረጉም።

አያችሁ? ጭስ የለም። እሽጉ ብቻውን በሽታውን አደረሰው። የእትዬ ጥያቄ መልስ ከሞላ ጎደል ይሄ ነው። ጭሱ ከወጣ በኋላም የተቆጡት ሴሎች መላላካቸውን አያቆሙም። ጥናቶቹ በብዛት የተሠሩት በሲጋራ አጫሾች ላይ ነው፤ የእንጨት ጭስም ቢሆን ያንኑ ሳንባ የሚያስቆጣ፣ ያንኑ በሽታ የሚያመጣ ጭስ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላም ላኪ አለ፤ ቲቢ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት እንዳሳየው የቲቢን ጀርም የዋጠ የሰውነት ዘበኛ የጀርሙን ስብርባሪ በኤክሶሶም እያሸገ ይልካል። የደረሳቸው ሴሎች ጀርሙን ራሱን ሳያዩ ይቆጣሉ። ቲቢ ታክሞ ከዳነ በኋላ አንዳንድ ሰው ላይ ጠባሳና የትንፋሽ ማጠር የሚቀረውም ቁጣው ጀርሙን ሲዋጋ የራሱን ቤት ጭምር ስለሚጎዳ ነው። ለቆላው ከተማ ወጣቶች አንድ ነገር ልጨምር፤ ዕቃ ማጠንና ወተት ማፍላት አንድ አይደሉም። የከብት ቲቢ ባልፈላ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል። ወተቱን አፍሉት፤ የጭሱ ጣዕም አይጠፋም።

«እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው»

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። እትዬ ከነፉ በኋላ ዶክተሩ ዞር ብለው «አንተስ ታጨሳለህ?» አሉኝ። «ኧረ ብዙም አይደል! ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ጫት ላይ ብቻ» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ቅዳሜዬ ከሐሙስ ጀምሮ ነው። እንድነፋ አደረጉኝ። ውጤቱ ጥሩ ነበር። ደረቴን ነፋሁ። በሆዴ «አራዳ ሳንባ!» አልኩ።

ዶክተሩ ግን አልሳቁም። የነገሩኝ እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በኒው ዮርክ የወጣ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ የስፓይሮሜትሪ ውጤታቸው ደህና የሆነ አጫሾችን ደም መረመሩ። ከአጫሾቹ አንዳንዶቹ ነፍተው ቢያልፉም ኦክስጅንን ወደ ደም የማስገባት አቅማቸው መቀነስ ጀምሮ ነበር። ደማቸው ውስጥ ደግሞ ከደም ሥር ግድግዳ ሴሎች የወጡ ከረጢቶች በዝተው ተገኙ። ሳል የለም፣ የትንፋሽ ማጠር የለም፣ ማሽኑም «ደህና ነህ» ይላል። እሽጉ ግን መንገድ ላይ ነው።

እነዚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ሌላ ውጤት ይዘው መጡ። ሲጋራ ያቆሙ ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታተሉ። ሳንባቸው ሳይጎዳ ያቆሙት ሰዎች የከረጢቶቻቸው ቁጥር አጭሶ ወደማያውቅ ሰው መጠን ወረደ። በሽታው ከጀመራቸው በኋላ ያቆሙት ግን ቁጥሩ ከፍ እንዳለ ቀረ። ሲጋራው ቆሟል፤ ፖስታ ቤቱ አልተዘጋም።

ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ ጓደኞቼ ሁሌ የምንለው ነገር ነው። «ሠላሳ ዓመት ሲሞላኝ አቆማለሁ!» «ሳገባ አቆማለሁ!» «ሳል ሲጀምረኝ አቆማለሁ!» የመጨረሻው ከሁሉም የከፋ ነው። ሳሉ ሲጀምር እኮ አንዳንዱ ነገር አልፏል ማለት ነው። በእርግጥ መቼም ይሁን መች ማቆም ይጠቅማል። ዘግይቶ ያቆመ ሰው ሳንባም ካላቆመው ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚደክመው። ሙሉ በሙሉ የመመለስ ዕድል ያለው ግን ሳይጎዳ ያቆመው ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

ሺሻ «በውሃ ስለሚጣራ አይጎዳም» የምትሉ ደግሞ አላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳስጠነቀቀው አንድ ሰው በአንድ የሺሻ ቁጭታ 100 ሲጋራና ከዚያም በላይ የሚያክል ጭስ ሊስብ ይችላል። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጥበውም። ለነገሩ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ሺሻ ክልክል ነው። ቤት ውስጥ ባሉ የሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስም፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራ መሸጥም ክልክል ነው።

«ኤክሶሶም እንሽጥላችሁ» ለሚሏችሁ

ዕውቀቱ ሲስፋፋ ንግዱም ይከተላል። አሁን በስልካችሁ ላይ ኤክሶሶም ፊት ያጠራል፣ ፀጉር ያበቅላል፣ ሳንባም ያድሳል የሚሉ ማስታወቂያዎች ታያላችሁ። እውነት ነው፣ ሳይንቲስቶች ከጤነኛ ሴሎች የተወሰዱ ከረጢቶች የተቆጣ ሳንባን ያረጋጉ እንደሆነ እየሞከሩ ነው። የከረጢቶቹን ቁጥርና ይዘት አይቶ በሽታውን በጊዜ ለማወቅም ይሞክራሉ። ሙከራና መድኃኒት ግን ይለያያሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ያልተፈቀዱ የኤክሶሶም ምርቶች ሰዎችን እንደጎዱ ገልጾ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ያዙ። ለሳንባችሁ የሚሆነው ነገር ከዚህ በጣም ይረክሳል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካላችሁ ለቲቢ ተመርመሩ። የቲቢ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው። ቲቢ የለም ተብላችሁ ሳሉ ካልለቀቀ ግን እዚያ ላይ አትቁሙ። ኪኒን ከመደጋገም «ስፓይሮሜትሪ የት አገኛለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሁለተኛ፦ እናታችሁን፣ አክስታችሁን፣ ሠራተኛችሁን አስተውሉ። ደረጃ ላይ ይቆማሉ? ጠዋት ጠዋት ሳል አለ? «እርጅና ነው» ቢሉ አትመኑ። እናቶች ሕመማቸውን መደበቅ ይችሉበታል።

ሦስተኛ፦ ኩሽናውን ክፈቱት። በአገራችን ከ10 ቤተሰብ 9ኙ ያህል የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል ወይም በኩበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚቻለው እሰየው። መብራት የሌለው ወይም የሚጠፋበት ምርጥ ምድጃ ይጠቀም። እሱም ካልተገኘ ከጣሪያው ሥር ቆርቆሮውን ቀዶ ጭስ መውጫ ማበጀት አንድ ቀን ነው የሚፈጀው። እንጨቱ ደረቅ ይሁን። ሕፃን አዝሎ እሳት ማንደድ ይቅር።

አራተኛ፦ «ከሰል ጭስ የለውም» አትበሉ። ዓይን የማያየው መርዝ አለው፤ በተዘጋ ቤት ሌሊቱን ከሰል አንድዶ የተኛ ሰው ላይነሳ ይችላል። ቡናውን በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ከፍታችሁ አፍሉ። ዕጣኑን ቆንጠር አድርጉ። ወይባ የምትገቡ እህቶቼ ጭንቅላታችሁን ከብርድ ልብሱ ውጪ አድርጉ፤ ለውበት የሚሆነው ለቆዳ እንጂ ለሳንባ አይደለም።

አምስተኛ፦ የምታጨሱ ካላችሁ ዛሬ አቁሙ። ብቻችሁን ካልሆነላችሁ ለሐኪም ንገሩ። እኔን ያስቸገረኝ ሲጋራው ሳይሆን በርጫው ነበር። ጫት ሲያዝ እጅ ለብቻው ወደ ኪስ ይሄዳል። ስለዚህ ከሲጋራው በፊት በርጫውን ነው የተውኩት። ጓደኞቼ «ፋራ ሆንክ» አሉኝ። ሆንኩ እንግዲህ!

ከነገሌ የመጣ ካርቶን

እትዬ ወደ ነገሌ ተመልሰዋል። ፓፋቸውን እንዴት እንደሚስቡ ዶክተሩ ሦስት ጊዜ አሳይተዋቸዋል። ደረጃ የለም፣ ፎቅ የለም፣ አየሩም ይሻላቸዋል። አሁንም ገበያ ሲሄዱ መንገድ ላይ አረፍ ይላሉ። ያ አይመለስም። ግን ባለፉት ወራት አልባሰባቸውም፣ ሌሊት ተኝተው ያድራሉ።

ኩሽናው ላይ ግን ለውጥ መጥቷል። ልጃቸው፣ የእኔ የአክስት ልጅ፣ 26 ዓመቷ ነው። ምግብ ቤቱን የምታሠራው እሷ ናት። መጀመሪያ ስነግራት «እናቴ 30 ዓመት ሠርታበታለች፣ እኔ ምን ልሆን?» አለችኝ። እኔም ስለ እሽጉና ስለ ክብሪቱ ነገርኳት። በሳምንቱ አናጺ ጠርታ የኩሽናዋን አንድ ግድግዳ ግማሹን አስነሳችው። ደንበኞቹ «ምግብ ቤቱ አማረበት» እያሉ ነው አለችኝ በስልክ። የጠዋት ሳል ጀምሯት እንደነበረም ያን ቀን ነው የነገረችኝ። አሁን ቀንሶላታል።

በየወሩ የእትዬን ፓፍ በካርቶን አሽጌ በነገሌ አውቶቡስ እልካለሁ። ባለፈው ወር ከነገሌ የተላከ ሌላ ካርቶን ደረሰኝ። ገመዱን ስፈታ የቦረና ዕጣን ነው፣ ሙሉ ኪሎ። ላዩ ላይ በልጃቸው እጅ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት አለ፦

«እናቴ ሰላም ብላሃለች። ዕጣኑን በረንዳ ላይ አጭሱት ብላለች። ያ ኪስህ ውስጥ የነበረውንም አይቼዋለሁ፣ ተወው በሉት ብላለች።»

ለካስ ያን ቀን አይተውታል! ይህን ጽሑፍ ስጽፍ ሲጋራ ካቆምኩ አራተኛ ወሬ ነው። እናንተስ?